ልጄን እርሳስ ወደሚያጋጩበት አገር ስሸኝ

በዚያ ቀን ከሀና ማርያም የተነሳነው አራት ነበርን፤ እኔ፣ ባለቤቴ ላጲሶ፣ ልጃችን ምሕረት፣ እና ጎረቤታችን ባለ ላዳው ጋሽ ሙሉጌታ። ምሕረት ፊዚክስ ተምራ ለተጨማሪ ትምህርት ወደ ጄኔቫ መሄዷ ነው። እስከ ቦሌ ልሸኛት ወጣሁ፤ በልቤ ግን መንገድ ላይ ለምኜ ላስቀራት አስቤ ነበር።

የፈራሁት እርሳሱን ነው። ወንድሜ መካኒሳ አቦ አሮጌ ባትሪ እየፈታ ውስጡ ያለውን እርሳስ ያቀልጥ ነበር። በእርሳሱ መርዝ እጁ ዝሎ ዛሬ ብርጭቆ አያነሳም። እዚያ አገር እርሳስ ከእርሳስ እንደሚያጋጩ፣ ግጭቱም ከፀሐይ ሆድ የባሰ እንደሚሞቅ ምሕረት ከነገረችኝ ወዲህ እንቅልፍ አልነበረኝም። ስለዚህ ወተት አፍልቼ በትልቅ ጠርሙስ ያዝኩ። የጋራዥ ቀለም ቀቢዎችና በያጆች መርዙ እንዲወጣላቸው ወተት ይጠጣሉ፤ እሷስ ለምን ይቅርባት?

ቀለበት መንገድ

ሳሪስ አቦ ስንደርስ ሲጥል የነበረው ዝናብ አባርቶ ነበር፤ መንገዱ ግን በጎርፍና በመኪና ተዘጋጋ።

«ምሕረትዬ፣ እጅሽ ቢነካውስ?» አልኳት።

«እማዬ፣ የሚጋጨው የአቶሙ አስኳል ነው፤ በዓይን እንኳ አይታይም። ሲጋጭ ይቀልጥና ለቅጽበት እንደ ውሃ ይፈሳል። እኔ አፈሳሰሱን በኮምፒውተር ነው የማሰላው።»

«አጠገቡ ሳትቆሚ እንዴት ታውቂያለሽ?»

በመስኮቱ ጎርፉን አሳየችኝ። «ያንን ሳትነኪው ወዴት እንደሚሄድ ታውቂ የለ? እዚያ ያሉት ሰዎች የግጭቱን ፍንጣሪ በመሣሪያ ይለካሉ፤ እኔ መጀመሪያ እንዴት ቢፈስ ነው እንዲህ የተረጨው ብዬ አሰላለሁ። ሁለቱ አስኳሎች ጎን ለጎን ተጨራርፈው ሲጋጩ መሐሉ እንደ ለውዝ ፍሬ ይረዝማል፤ ፈሳሹም በጠባቡ ወገን በርትቶ ይወጣል።»

«ፈንድቶ አገር ቢያጠፋስ?»

«ያንቺ አንድ ጭብጨባ ከዚያ የበለጠ ጉልበት አለው።»

ላጲሶ ሳቀ። «እንዲያማ ከሆነ ጸሎት ቤታችን እሁድ እሁድ በጭብጨባችን ከነጣሪያው በበረረ!»

«እኔን የሚያስፈራኝ ከፊታችን ያለው ይሄ ሲኖትራክ ገልባጭ ነው፤ ተዉኝ ልንዳ» አለ ጋሽ ሙሉጌታ።

ሁሉም ሳቁ። እኔ የልጄን እጅ አልለቀቅኩም።

ቦሌ

በሩ ላይ ፈታሿ ጠርሙሱን አየች። «እናቴ፣ ፈሳሽ አያልፍም።»

«መድኃኒቷ ነው፣ የኔ ልጅ።»

«ይሄን ያህልማ አይቻልም፣ እናቴ።»

«ፈሳሽ ልታጠና ሄዳ ፈሳሽ ከለከሏት» አለ ላጲሶ።

«ቅሪ» ልላት አፌን ከፈትኩ። ምሕረት ጠርሙሱን ተቀብላኝ በሰው ሁሉ ፊት ቆማ ጠጣች። ግማሽ ሲደርስ ሆዷን ያዘች። «በቃኝ እማዬ። አሁን ጸልዪልኝ።»

እርሳሱን ፈርታ አልነበረም፤ ለእኔ ብላ ነው የጠጣችው። እጄን ጭኜባት ጸለይኩ። ቅሪ ሳልላት ገባች።

ሀና ማርያም ስንመለስ መሽቶ ነበር። ይህ መንገድ ያስተማረኝ፣ ሰው ፍርሃቱ ሳይለቀውም ልጁን መሸኘት እንደሚችል ነው። ስትደርስ ልትደውልልኝ ነበር፤ ይህን እስከምጽፍ ድረስ አልደወለችም። ይህን የምታነቡ ጄኔቫ ያላችሁ ወገኖች፣ ምሕረት በደህና ገብታ እንደሆነ እባካችሁ ንገሩኝ።