አራተኛው ኮምፒውተርና ሁለቱ ቁልፎች

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ሶልያና ከአጎቷ የወረሰችውን አሮጌ ላፕቶፕ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጌም ትጫወት ነበር። ላፕቶፑ የሚሠራው በሊኑክስ ነው፤ ማንም በነፃ ወስዶ እንደፈለገው በሚያስተካክለው ሥርዓት። እሱም ጊዜው አልፎበታል። በተከፈተ ቁጥር ይህ ስሪት ከእንግዲህ ድጋፍ አያገኝም የሚል ማስታወቂያ ብቅ ይላል፣ እሷም ሳታነበው ትዘጋዋለች። እኔ ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር።

«እማዬ፣ በነጥብ የሚጀምሩ ብዙ ፎልደሮች ተደብቀው አገኘሁ። ቫይረስ ናቸው እንዴ? ላጥፋቸው?»

«አትንኪያቸው!»

ጩኸቴ ራሴንም አስደነገጠኝ። ሶልያና እጇን ከላፕቶፑ ላይ አንስታ አፈጠጠችብኝ። «ምነው እማዬ፣ ቦምብ ነው እንዴ?» አለች። ሽንኩርቱ ነው ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ። የሽንኩርቱ ጉዳይ ግን አልነበረም።

ሰው ተጠራጣሪ ይለኛል። እኔ ጥንቁቅ ነኝ እላለሁ። ወተት የምታመጣልኝን ሴት አሥራ አንድ ዓመት አውቃታለሁ፣ ዛሬም ሳልቀምስ አልቀበላትም። እናቴ ነፍሷን ይማረውና «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ከፈረስ ጋር እንኳ ተገናኝቼ አላውቅም፤ ሰውን ግን ሁሉ እንደዚያ ፈረስ አየው ነበር።

ነገሩ የሆነው ከሃያ ዓመት በፊት ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ዲፕሎማዬን ይዤ ሁለት ክረምት ቤት ተቀምጫለሁ። አባቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነበር፤ በመንገድ ሲሄድ እጅ የማይነሳው ሰው አልነበረም፤ የእሱ ልጅ ሥራ ፈታ መቀመጧ ደግሞ ለእሱ ትልቅ ውርደት ነበር። አፍ አውጥቶ አይናገረውም። ማታ ራት ላይ «ዛሬስ የት ዋልሽ?» ይለኛል፣ እኔም ሳህን ማንሳት እጀምራለሁ።

ሀዋሳ ፒያሳ አካባቢ ወደነበረ የወጣቶች ማዕከል የኮምፒውተር ክፍል በበጎ ፈቃደኝነት የገባሁት ለዚህ ነው። ክፍሉ ከውጭ በእርዳታ የመጡ ስድስት ኮምፒውተሮች ነበሩት። ስድስቱም ሊኑክስ ነበሩ፤ ያውም ድጋፉ የተቋረጠ፣ የሚያድሰው የሌለ። እነሱን የምንጠብቅ ሁለት ነበርን፤ እኔና ማቴዎስ። ለእያንዳንዳችን የክፍሉ አንዳንድ ቁልፍ ተሰጥቶናል።

ማቴዎስ ሐይቁ ዳር ያለው የአሳ ገበያ፣ የአሞራ ገደል ልጅ ነው። ከአባቱ ጋር ጎህ ሲቀድ ጀምሮ አሳ ይቆርጣል፣ አራት ሰዓት ላይ ታጥቦ ይመጣል። ሁልጊዜ ሎሚ ሎሚ ይሸት ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ይህ ሰው ምን ደብቆ ነው በሎሚ የሚታሸው ብዬ ስጠረጥር ከረምኩ፤ ለካ የአሳውን ሽታ ለማጥፋት ኖሯል። ከሰው ጋር ብዙ አያወራም። ሲያስብ በሲዳምኛ ለራሱ ያንሾካሹካል፣ እኔም ስለ እኔ ይመስለኛል።

ክፍሉ ባዶ እየሆነ ሄደ። ወጣቶቹ ይመጣሉ፣ «ጌም አለ?» ይላሉ፣ ያለውን እናሳያቸዋለን። የነበረው የካርታ ጨዋታና በረዶ ላይ የሚንሸራተት ወፍ ብቻ ነው። ሀዋሳ ውስጥ በረዶ! አንዱ «እኛ ኳስ ነው የምንፈልገው፤ ወፍማ ሐይቁ ዳር ሞልቷል» ብሎ አሳቀብን። የኳሱ ጌም የተሠራው ለዊንዶውስ ነው፣ በእኛ ኮምፒውተሮች ላይ አይነሳም። ስለዚህ ሁሉም ተነስቶ ወደ ጌም ቤት ይሄዳል።

አንድ ሰኞ የማዕከሉ ኃላፊ አቶ ደሳለኝ ሁለታችንንም ጠሩን። ደግ ሰው ናቸው፤ ኮምፒውተር ግን እንደ እባብ ይፈራሉ።

«ልጆቼ፣ አንድ የሥራ መደብ ተፈቅዶልናል፤ አንድ ብቻ። ወጣቱ ካልተመለሰ ግን ክፍሉ የወንበር ማከማቻ ይሆናል። እስከ ወሩ መጨረሻ አያችኋለሁ። ወጣቱን የመለሰ ይቀጠራል» አሉን።

ከቢሯቸው ስንወጣ ማቴዎስን አየሁት፣ እሱም አየኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ለእኔ ያ ሥራ አባቴ ራት ላይ ቀና ብሎ እንዲያየኝ ማድረጊያ ነበር።

ማቴዎስ ከመስኮቱ ሥር ያለውን አራተኛውን ኮምፒውተር ያዘ። ከዚያ በኋላ ስገባ የማየው ጥቁር ገጽና በላዩ የሚሮጡ ነጫጭ ፊደላት ነው። እኔን ሲያይ ይዘጋዋል። እንዲህ ዓይነት ጥቁር ገጽ የማውቀው በፊልም ውስጥ ባንክ ሲዘረፍ ነው።

«ምን እየሠራህ ነው?» አልኩት አንድ ቀን።

«ሲሳካ ታዪዋለሽ።»

ሲሳካ! ምኑ ነው የሚሳካው? እኔን ማባረሩ? ሦስት ሳምንት እንደዚህ ሆነ። አንድ ጊዜ ከቦርሳዬ እስክሪብቶ ጠፋብኝና እሱን ጠረጠርኩ። እስክሪብቶውን በኋላ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ አገኘሁት፤ ጥርጣሬዬ ግን አልለቀቀኝም። እናቴ ደግሞ ነገሩን ስነግራት «ዝምተኛ ሰው ጥልቅ ውኃ ነው፣ ተጠንቀቂ» አለችኝ። እሳት ላይ ጋዝ ማለት ይህ ነው።

የወሩ መጨረሻ ዓርብ ደረሰ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፤ ጠዋት ዘንቦ መንገዱ ጭቃ ሆኗል፣ ባጃጆቹ ውኃ ይረጫሉ። ምሳ ሰዓት ላይ ማቴዎስ ዕቃ ላመጣ ነው ብሎ ወደ አሞራ ገደል ሄደ። እኔም ወጣሁ። አንድ ብርጭቆ አቮካዶ ጁስ አዝዤ ግማሹን ሳልጠጣ ተመለስኩ። ገባሁ፣ በሩን ከውስጥ ቆለፍኩና አራተኛው ኮምፒውተር ላይ ተቀመጥኩ።

እዚህ ላይ የዚያን ዘመን ሕክምና ልንገራችሁ። ያኔ ፍላሽ ይዞ የሚዞር ሰው ሁሉ ቫይረስ ይዞ ይዞር ነበር። ቫይረሱ ፋይላችሁን ይደብቅና በቦታው አስመሳይ ያስቀምጥላችኋል። መድኃኒቱን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፤ የተደበቀውን ታወጣላችሁ፣ የማታውቁትን ሁሉ ትመርጣላችሁ፣ ሺፍትና ዲሊት አንድ ላይ ትጫናላችሁ። ሺፍት ካልጨመራችሁ ቅርጫት ውስጥ ገብቶ ተመልሶ ይነሳል። በሺፍት ከሆነ ግን ሄደ ነው፤ መመለሻ የለውም። እኔ በዚህ ሕክምና ሰፈሬ ውስጥ የታወቅሁ ነበርኩ፤ «ዶክተር» የሚሉኝም ነበሩ።

የተደበቀውን አወጣሁ። አቤት! በነጥብ የሚጀምሩ ሠላሳ፣ አርባ የማላውቃቸው ፎልደሮች ተግተለተሉ። አንዱን ከፈትኩት። ውስጡ ሌላ ፎልደር፣ በውስጡ ደግሞ ሌላ። መጨረሻ ላይ «ሮማን» የሚል ፋይል አገኘሁ። ሮማን እኔ ነኝ። ይኸው ስለ እኔ እየጻፈ ነው አልኩ። ፋይሉን አልከፈትኩትም። ሁሉንም መረጥኩ፣ ሺፍትና ዲሊት ተጫንኩ። እርግጠኛ ነሽ ወይ ሲለኝ አዎ አልኩት። አንደኛው በጣም ከባድ ነበርና ጊዜ ወሰደ፤ የማጥፋቱን ሂደት የሚያሳየው መስመር እስኪሞላ ቁጭ ብዬ ተመለከትኩ።

በሊኑክስ ላይ በነጥብ የሚጀምር ፎልደር ጤነኛ መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው። የእያንዳንዱ ፕሮግራም ጓዳ ማለት ነው፤ ዕቃውን የሚያስቀምጥበት። ሕክምናዬ የዊንዶውስ ነበር፤ ለበሬ የታዘዘውን መድኃኒት ለዶሮ ሰጠሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማቴዎስ መጣ፤ በፌስታል ሁለት ጆይስቲክ ይዟል። ከኋላው አሥራ አምስት የሚሆኑ ወጣቶች፣ ከእነሱም ኋላ አቶ ደሳለኝ። ማቴዎስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት።

«ዛሬ ኳስ እንጫወታለን» አለ።

የዊንዶውስን ጌም ሊኑክስ ላይ የሚያስነሳ ፕሮግራም አለ። ማቴዎስ ሦስት ሳምንት ሙሉ በዚያ ጥቁር ገጽ ከእሱ ጋር ሲታገል ኖሯል። የኳሱን ጌም ከተጫረ ሲዲ ላይ በስንት መከራ ገልብጦ አስነስቶት ነበር። ያ ሁሉ የተቀመጠው በነጥብ በሚጀምር አንድ ፎልደር ውስጥ ነው። ከባዱ፣ ጊዜ የወሰደብኝ እሱ ነው።

ኮምፒውተሩን አስነሳው። ዛሬ ከካርቶን የወጣ ይመስል ባዶ ሆኖ ተነሳ። ማቴዎስ አንድ ጊዜ ፈለገ፣ ሁለት ጊዜ ፈለገ። ወጣቶቹ ማጉረምረም ጀመሩ፣ አንዱ አፏጨ፣ «በሉ ወፏን እንጫወት» አለ ሌላው፤ ሳቁ ክፍሉን ሞላው።

«ምን ነካክተህ ነው ማቴዎስ? ያ ጥቁር ነገር ገና ዱሮ አላማረኝም» አሉ አቶ ደሳለኝ። ወደ እኔም ዞሩ፤ «ሮማን፣ አንቺ የምታውቂው ነገር አለ?»

ያኔ ምን እንዳጠፋሁ ገብቶኛል። መናገር ነበረብኝ፣ አልተናገርኩም።

«ቫይረስ ሳይገባበት አይቀርም» አልኳቸው።

«እዚህ ላይ እንደዚያ ዓይነት ቫይረስ አይሠራም» አለ ማቴዎስ ቀስ ብሎ። ማንም አልሰማውም። አቶ ደሳለኝ ራሳቸውን ነቀነቁ። ማቴዎስ ጆይስቲኮቹን ወደ ፌስታሉ መለሰ፣ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ለኃላፊው ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ ወጣ። እኔን አላየኝም።

ሥራውን አገኘሁ። የወጣቱን መመለስ አቶ ደሳለኝም ረሱት፤ ጥንቁቅ ሰው ነው የምንፈልገው አሉ። አባቴ ያን ቀን ማታ ከራሱ ገበታ ቆርሶ አጎረሰኝ። የዛሬው መሥሪያ ቤቴ፣ የዛሬው ወንበሬ፣ ሁሉም ከዚያች ዓርብ የመጡ ናቸው። አሞራ ገደል ግን ከዚያ ወዲህ እግሬ አልረገጠም። አሳ ሲያምረኝ ሐይቅ ዳር ካሉት ምግብ ቤቶች አስመጣለሁ። ለሚጠይቀኝ ሽታው ያመኛል እላለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ሽንኩርቱን እንደከተፍኩት ትቼ ነጠላዬን ለበስኩ። ሶልያና «የት ነው?» አለችኝ። «አሳ ላመጣ» አልኳት።

ማቴዎስን ለማግኘት ሁለት ሰው ብቻ ጠየቅሁ። የጀልባ ሞተር ይጠግናል፤ ጠጉሩ ሸብቷል፣ እጁ ዘይት በዘይት ነው። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ የሐይቅ ዳር አሞሮች፣ አጠገቡ ቆመው የአሳ ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። ገና ሲያየኝ ለየኝ።

«ሮማን! አንቺ ደግሞ አሳ ትበያለሽ እንዴ?»

ሳልቀመጥ፣ ሰላምታውን በቅጡ ሳልጨርስ ነገርኩት። አራተኛውን ኮምፒውተር ያጠፋሁት እኔ ነኝ አልኩት። ቫይረስ መስሎኝ ነው አልኩት።

እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሰማኝ። «አውቅ ነበር» አለ።

«እንዴት አወቅህ?»

«ቁልፉ እኮ ሁለት ብቻ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ምን ብዬ? አንቺ የመምህሩ ልጅ፣ እኔ አሳ ቆራጭ። ማን ያምነኝ ነበር?»

ስሜ የተጻፈበትን ፋይል ጠየቅሁት። ትንሽ አሰበ፣ ከዚያ ሳቀ። «እሱማ ለአንቺ የጻፍኩት ነው። ጌሙ እንዴት እንደሚከፈት። ጠዋት ጠዋት እኔ አሳ ላይ ነኝ፣ አንቺ ብቻሽን ትሆኛለሽ። አቶ ደሳለኝን ደመወዙንም ሥራውንም ለሁለት ያካፍሉን ልላቸው ነበር።»

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ባይሳካስ? ትስቂብኛለሽ ብዬ ነዋ።»

ይቅርታ አልኩት። «እሺ፣ ቫይረስ መስሎሽ ነው» አለና ሁለት ቆሮሶ አሳ በፌስታል አድርጎ ሰጠኝ። አምኖኝ ይሁን ከእኔ ለመገላገል፣ ፊቱ ላይ ብፈልግ ብፈልግ አላገኘሁም። ቢጠረጥረኝም አልፈርድበትም።

ቤት ስመለስ ሶልያና ፎልደሮቹን ሳትነካ ጌሟን እየተጫወተች ነበር። አሳውን ጠብሼ በሚያቃጥለው የቃሪያ ማባያ፣ በዳጣ አቀረብኩላት። እኔ አልበላሁም። ሃያ ዓመት ሙሉ ለራሴ ቫይረስ መስሎኝ ነው ስል ኖሬአለሁ። ወተት ሻጯን፣ ጎረቤቴን፣ የገዛ ባሌን ስጠረጥር፣ ያቺን አንዲት ቃሌን ብቻ ተጠራጥሬያት አላውቅም ነበር። አሁን ግን ማታ ማታ ያ ዓርብ ይመጣብኛል፤ ግማሽ የቀረው ጁስ፣ ጭቃው፣ ባዶው ክፍል። ከመቀመጤ በፊት በሩን ከውስጥ ቆልፌ ነበር። ቫይረስ ለሚያጠፋ ሰው በር መቆለፍ ምን ያደርግለታል?