ከዕድር መዝገብ ያሰረዝኳት እህት

ባለፈው እሑድ የዕድራችን ወጣት ጸሐፊ ላፕቶፑን አቅፎ ሐዋሳ፣ ታቦር ሰፈር ያለው ቤቴ መጣ። መዝገቡ በአዲስ መልክ ሊጻፍ ስለሆነ፣ ሲሞቱ ድንኳን የሚተከልላቸውን ዘመዶቼን ስም ጠየቀኝ። የልጆቼን ነገርኩት። ቀጥዬ «ሐዋ» አልኩት።

ያን ስም መጀመሪያ ያየሁት የሃያ ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው፤ አያቴ አባባ በሞተ በወሩ። አባባ ዳቦ ሊጋግር ጅጅጋ ሄዶ፣ የሶማሊያ ጦርነት ሲመጣ ባዶ እጁን ሐዋሳ መመለሱን እንጂ ሌላ አናውቅም ነበር። «እዚያ ምን አየህ?» ስንለው «ዳቦ» ይለናል። እኔ ደግሞ ተጠራጣሪ ነበርኩ። ሰው ዝም ካለ የደበቀው ነገር አለ ባይ ነኝ። እኛ አገር የሰው ዘመድ ማን እንደሆነ ማወቅ የፈለገ የዕድር መዝገብ ይጠይቅ፤ ማን ለማን እንደሚያለቅስ እዚያ ተጽፏል።

ክረምት ነበር። አባልነቱን ወደ ሚስቱ ወደ እማማ ስም አዛውራለሁ ብዬ፣ በጭቃው መንገድ የዚያን ጊዜው ጸሐፊ ጋሽ ሀመሶ ቤት ሄድኩ። ሽማግሌው ትኩስ ቆጮ በጎመን አቀረቡልኝና መዝገቡን ገለጡ። ከእማማ ስም ሥር «እህት፦ ሐዋ፣ ጅጅጋ» ይላል።

ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለስኩት። አባባ ለእናቱ አንድ ነው፤ እህት ከየት መጣች? ሚስት ናት አልኩ በልቤ።

«ጋሽ ሀመሶ፣ ይህችን ሴት ያውቋታል?»

«አላውቃትም ልጄ። አያትሽ እህቴ ናት አለ፣ ጻፍኩ።»

«ይሰርዙልኝ።»

«እማማን ጠይቀሻል?»

«እሷ ናት የላከችኝ» ብዬ ዋሸሁ።

ትክ ብለው አዩኝና አስፈረሙኝ። እማማን ከቅናት ያዳንኳት መስሎኝ ደስ እያለኝ ተመለስኩ።

ዓመት ሳይሞላ አንድ ቀጭን ሰው በራችንን አንኳኳ። ከጅጅጋ ነው የመጣሁት ሲል ውርስ ፈላጊ መስሎኝ ደጅ አቆምኩት።

«እናቴ ሐዋ ሞተች» አለ አቀርቅሮ። «ለወንድሜ አርዱልኝ ብላ ነበር።»

እማማ ከውስጥ ሰምታ ጮኸች። ለካ ሁሉንም ታውቅ ኖሯል። የሶማሊያ ወታደሮች ቤት ለቤት ሲፈትሹ ጎረቤቱ ሐዋ አባባን ጓዳዋ ደብቃው ነበር፤ ሲያገኙት «ወንድሜ ነው» ብላ ምላ አዳነችው። እሱም እህቴ ናት ብሎ አስመዘገባት።

«ሂጂ፣ ለጋሽ ሀመሶ ንገሪ፤ ድንኳኑ ይምጣ!» አለችኝ።

ሄድኩ። ሞኝና ወረቀት የያዙትን አይለቁም፤ ስሟ ላይ ሰረዝ፣ ከጎኑ የእኔ ፊርማ። ጋሽ ሀመሶ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ምን ላድርግ ልጄ? ደንቡ ነው።»

ስመለስ እማማ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ከእንግዳው ጋር በሚያፈሰው በረንዳ ሥር ተቀምጣለች። ከጎረቤት አንድም ሰው አልመጣም። ያደረግሁትን ነገርኳት።

«ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?» አለች። ያን ቀን ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም።

«ሐዋ ምንዎ ናቸው?» አለኝ ወጣቱ ጸሐፊ።

«የአያቴ እህት።»

«በሕይወት አሉ?»

«የለችም።»

ጣቶቹን ከላፕቶፑ ላይ አነሣ። «እትዬ፣ የሞተ ሰው አንመዘግብም እኮ።»

እውነቱን ነው። በሕይወት ሳለች ተመዝግባ ነበር፤ ያሰረዝኳት እኔ ነኝ።