ሠላሳ ዓመት ከግራ ወደ ቀኝ

መጋቢት አሥራ ሁለት ቀን ነበር፤ ማክሰኞ። ማክሰኞ ነው እያልኩ ለብዙ ሰው አውርቻለሁ፤ ግን ማክሰኞ ሊሆን አይችልም። ማክሰኞ ማተሚያ ቤቱ ማሽኖቹን የሚያጥብበት ቀን ስለነበረ ምንም አይታተምም። እንግዲያው ረቡዕ ይሁን። ወይም ደግሞ ወሩ ራሱ መጋቢት አልነበረም። ዝናብ እንደነበረ ግን እምላለሁ። ታሪክ ተምሬ ዲግሪ የያዝኩ ሰው አንድ ቀን በትክክል መያዝ እንዳቃተኝ እሷ ብታይ ኖሮ፣ በቀይ እስክሪብቶ አስምራ ዳር ላይ «ይጣራ» ብላ ትጽፍብኝ ነበር።

እሷ የማተሚያ ቤቱ አራሚ ናት። በስሟ ሲጠራት የሰማሁት ሰው የለም፤ ሁሉም «ትራፊክ» ነው የሚላት፤ ታስቆማለቻ። ጠረጴዛዋ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ ሥር ነው። ሊታተም የተዘጋጀውን ወረቀት ከጠዋት እስከ ማታ መስመር በመስመር ታነባለች። ስህተት ካገኘች፣ ማሽኑ ሥራ ጀምሮም ቢሆን፣ አሥራ አራቱን ደረጃ በሩጫ ትወርድና «አቁም!» ትላለች። ድምፅዋ ከማሽኑ ይበልጣል። በር ላይ የሚቆም ጥበቃ አንድ ቀን ደንግጦ በመንገዱ የምታልፍ መኪና አስቁሟል ይባላል።

የመጀመሪያ መጽሐፌን ይዤላት ስሄድ ነው የተዋወቅነው። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

«ደራሲው አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«ገጽ አርባ ላይ የሞተው አጎት ገጽ ዘጠና ላይ ሻይ ይጠጣል። ልግደለው ወይስ ሻዩን ልውሰድበት?»

«ሻዩን ውሰጂበት» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ወዳጆች ነን።

ያ መጋቢት ይሁን ምን ይሁን ያልኩት ቀን ሁለተኛው መጽሐፌ የሚታተምበት ነበር። የመጀመሪያዎቹን ገጾች በትኩሱ ልይ ብዬ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። ማሽኒስቱ ማሽኑን በቀስታ እያዞረ ሲሊንደሩን በጨርቅ ይጠርጋል። እሷ ከላይ ወረደች፤ ሁለት ገጽ ቦታ ተቀያይሯል። «አቁም!» አለች። ማሽኒስቱ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ፤ እጁ ግን እዚያው ቀረ። ሦስት ጣት።

ማሽኒስቱ ሁላችንም «ጋሼ» የምንለው ሰው ነው። ከአራት ወር በኋላ ወደ ሥራው ሲመለስ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ጠበቀው። እሱ ግን ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ አሳየን።

«ከአሥር ሰባት! ተማሪ ሆኜ እንዲህ ያለ ማርክ አምጥቼ አላውቅም።»

ሳቅን። ከመሳቅ ሌላ ምን ይደረጋል? እሷ ብቻ አልሳቀችም፤ ምክንያቱም አልነበረችም። ፎቅ ላይ ነበረች። ከአደጋው ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት ተኩል ሙሉ ወደ ማሽኑ ክፍል አልወረደችም። ቤቷ የምትሄደው በኋላ በኩል ባለው የብረት መሰላል ነው። ደረጃው ጫፍ ስትደርስ ትመለሳለች። ስህተት ስታገኝ በውስጥ ስልክ ትደውላለች። ማሽን በሚጮኽበት ክፍል ስልክ ማን ይሰማል? አንድ የስድስተኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ከየጥያቄው ሥር መልሱን ይዞ ወጣ። በዚያ ዓመት የአገሩ ልጅ ሁሉ ሒሳብ ጎበዝ ሆነ።

ሥራ አስኪያጁ ጠራትና ሦስት ወር ሰጣት። ወርዳ ታስቆማለች፤ ካልሆነ መጋዘን ገብታ ወረቀት ትቆጥራለች። ለእሷ መጋዘን ማለት ከነነፍሷ መቀበር ነው። ዓይኗ ፊደል ካላየ አያድርም፤ መድኃኒት እንኳ የብልቃጡን ጽሑፍ አርማ ነው የምትውጠው። ባሏ «ተዪው፣ አታስቢው» ይላታል። «አለማሰቡንማ አንዴ ሞክሬው አንተን አገባሁ» ትለዋለች። በመጨረሻ ነርስ የሆነችው የባሏ እህት ናት እጇን ይዛ ሆስፒታል የወሰደቻት፤ በዓይን እንቅስቃሴ የሚሰጥ ሕክምና የተማረች አንዲት ሐኪም አለች ብላ።

እኔ የሰማሁት ከራሷ ነው፤ በምሳ ሰዓት፣ በግቢው በር አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠን።

«የልጄ እኩያ ናት» አለችኝ። «ግድግዳዋ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ሁለት ስህተት አለው። ነገርኳት።»

«ገና ሳትታከሚ?»

«ሳልቀመጥ።»

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀጠሮዎች በዓይን የሚከተሉት ጣት የሚባል ነገር የለም። እንቅልፍሽ እንዴት ነው፣ ቤት ውስጥ ማን አለ፣ ሲከፋሽ ምን ታደርጊያለሽ፤ ወሬ ነው። ትንፋሽ አወጣጥ አስተማረቻት። ነገሩ ሲከብዳት በሐሳቧ የምትሸሽበት ሰላማዊ ቦታ እንድትመርጥም ጠየቀቻት። ሌላው ሰው ባሕር ዳርቻ፣ ጫካ ይመርጣል አሉ። የእኛዋ የመረጠችው የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ሱቅ ነው፤ አዲስ ደብተር የሚሸትበት።

ሦስተኛው ላይ ወደ ነገሩ ገቡ።

«‹ከዚያ ቀን በጣም የሚከብድዎት ምስል የቱ ነው?› አለችኝ። እጁ መስሏታል። ጨርቁ ነው አልኳት። ጨርቁ በዚያኛው በኩል የወጣው ተተኩሶ ነው፤ እንደ ሸሚዝ።»

እኔም አይቼዋለሁ ያንን ጨርቅ።

«‹ምስሉን ሲያዩ ስለራስዎ ምን ይላሉ?› አለችኝ። የሰው እጅ የበላሁ ነኝ። ‹ምን ብለው ቢያምኑ ይሻልዎት ነበር?› ጡረታ ወጥቻለሁ ብዬ። ልጅቱ መሳቅ ፈልጋ ከንፈሯን ነከሰች። ‹ከዜሮ እስከ አሥር ምን ያህል ይረብሽዎታል?› ዘጠኝ።»

«አሥር አይደለም?»

«አሥር ለማንም ሰጥቼ አላውቅም።»

ከዚያ ሐኪሟ ወንበሯን አስጠግታ ሁለት ጣቷን በትራፊክ ፊት ለፊት አነሳች። ጭንቅላትዎን ሳያንቀሳቅሱ በዓይንዎ ብቻ ጣቴን ይከተሉ፤ ጨርቁንም በሐሳብዎ ይያዙት፤ የመጣው ይምጣ፤ በቃኝ ሲሉም እጅዎን ያንሱ፣ አቆማለሁ አለቻት። ጣቱ ከግራ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ሄደ። ጥቂት ቆይታ አቆመችና «ትንፋሽ ይውሰዱ። አሁን ምን መጣ?» አለች።

«ምንም።»

እንደገና ሞከሩ። እንደገና ምንም። በአራተኛው ሙከራ ሐኪሟ ግራ ገብቷት ጠየቀች፤ «ዓይንዎ በተመለሰ ቁጥር ለምንድነው ትንሽ ዝቅ የሚለው? አሁን ጉልበቴን ነው የሚያዩት።»

የእኛዋ ተደናገጠች። መስመር ጨርሳ ወደ ቀጣዩ እየወረደች ነበራ! ሠላሳ ዓመት የለመደ ዓይን ቀኝ ጫፍ ሲደርስ ሌላ ምን ያውቃል? የሐኪሟን ነጭ ጋዋን ከአንገትጌው ጀምራ መስመር በመስመር አንብባ ገጹን ልትጨርስ ተቃርባለች።

«ስህተት አገኙበት?» አለቻት ሐኪሟ።

«ሦስተኛው ቁልፍ ያለ ቀዳዳው ገብቷል።»

በዚህ ከሳቁ በኋላ ነው ትራፊክ ስታብላላው የከረመችውን ጥያቄ ያወጣችው። «ልጄ፣ ዓይን ማመላለስ የሚያድን ቢሆን እኔ በዓለም ላይ አንደኛ ጤነኛ አልሆንም ነበር? ከግራ ወደ ቀኝ ስል ነው የሸበትኩት።»

እኔም ብሆን ይህንኑ ነበር የምጠይቀው። የሐኪሟ መልስ ግን ደስ አላት፤ «ለምን እንደሚሠራ ሊቃውንቱ ራሳቸው አልተስማሙም» ብላ ጀመረች። አላውቅም የሚል ባለሙያ ካየች ብዙ ዘመኗ ነው። አንዱ ማብራሪያ እንዲህ ነው አለች ሐኪሟ፦ ዓይን ጣት ሲከተል፣ ሐሳብ ደግሞ ምስሉን ሲይዝ፣ አእምሮ በአንድ ጊዜ ሁለት ሸክም ይሸከማል። ሁለቱንም አጥብቆ መያዝ ስለማይችል የምስሉ ትኩሳት ይበርዳል። ትዝታው አይጠፋም፤ አሁን እየሆነ ያለ ነገር መሆኑ ይቀርና የሆነ ነገር ይሆናል። ስለዚህ ዓይን ብቻውን ቢመላለስ ዋጋ የለውም። «እርስዎ ሲያነቡ ስለ ጽሑፉ ያስባሉ?» ስትል ጠየቀቻት።

«ይህን ስትለኝ ወሽመጤ ተቆረጠ» አለችኝ፣ አግዳሚው ላይ ወደ እኔ ዞራ። «አራሚ ታሪኩን ከተከተለ ስህተቱ ያመልጠዋል። ፊደሉን እንጂ ነገሩን አለማየት ነው ሙያው። ያንተን መጽሐፍ አንብቤው የማውቅ መስሎሃል?»

«አጎቱን ግን ያዝሽው።»

«እሱ ሻይ ጠጥቶ ነው የተያዘው።»

ከዚያ ወዲያ የጣቱን መንገድ አንድ መስመር ብቻ እንዳለው ገጽ አድርጋ ያዘችው። ወደ ታች መውረድ የለም፤ ያንኑ መስመር፣ ከነነገሩ። ጨርቁ መጣ። ከጨርቁ ኋላ የማሽኑ ድምፅ፣ ከድምፁ ኋላ ግድግዳው። ግድግዳው ላይ የሲሊንደሩ የብረት መከላከያ ተሰቅሏል። ከማሽኑ ላይ የፈቱት ከአደጋው ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ነበር፤ ይንቋቋል ብለው። ሠራተኛው ጃኬት ይሰቅልበታል። እሷም በዚያ ዝናብ ጠዋት ጃንጥላዋን ሰቅላበታለች።

«የማላውቀው ነገር አይደለም» አለችኝ። «ጃንጥላዬን በእጄ ነው የሰቀልኩት። ግን አንድም ቀን ከጩኸቴ ጋር አንድ ገጽ ላይ አላየሁትም ነበር።»

ቀላል ነበር አልልም፤ እሷም አላለችም። ከዚያ ቀጠሮ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ እንደታመመ ሰው ደከማት። ሕልሟ ተተራመሰ፤ ባሏ ወጥ ቢያቀርብላት ጮኸችበት። ሐኪሟ ይህ ሊመጣ እንደሚችል አስቀድማ ነግራታለች። ዘጠኙ ሰባት ሆነ፣ በሳምንቱ ተመልሶ ስምንት፣ ከዚያ አራት፣ ከዚያ ሁለት። እኔ ሰዓት እያወዛወዙ እንደሚያስተኙት ዓይነት አስማት ነው ወይ ብዬ ስጠይቃት ሳቀችብኝ። «የት ይተኛል! ነቅቼ ነው የታከምኩት። የጥፍሯ ቀለም ተላጦ አይቼ ነግሬያታለሁ።» በሌላ ሰው ላይ ራሷ ልትሞክረው አስባ እንደነበርም ነገረችኝ፤ ሐኪሟ ግን ያልተማረበት ሰው የሰውን ቁስል ከፍቶ መዝጋት ያቅተዋል ብላ ከለከለቻት።

የሦስቱ ወር የመጨረሻ ሳምንት ሐሙስ፣ ሦስተኛው መጽሐፌ ማሽን ላይ ወጣ። አሁንም በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። ማሽኑ እየተፋጠነ ነው፤ ጋሼ ጀርባውን ሰጥቶ ቀለሙን ያያል። የደረጃው ብረት ሲንኳኳ ሰማሁና ዞርኩ። እሷ ናት፤ ወረቀት ይዛለች። ዘጠነኛው ደረጃ ላይ ቆመች። ፊቷ ወረቀቱን መስሏል። ዓይኗ ከጋሼ ጀርባ ወደ ማሽኑ፣ ከማሽኑ ወደ ጋሼ ጀርባ ይመላለሳል። ጮኼ ላስቆምላት ፈለግሁ፤ ምላሴ አልታዘዘኝም። ቀሪዎቹን አምስት ደረጃዎች አንድ በአንድ ወረደች። አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። ትንፋሽ ወሰደች።

«አቁም!»

ጋሼ ፊቱን አላዞረም። በመጀመሪያ ቀዩን ቁልፍ ተጫነ፤ ቀጥሎ ሁለት እጁን እንደተማረከ ሰው ወደ ላይ አነሳ፤ ማሽኑ ቀጥ ሲል ነው የዞረው።

«ምን ገባ?»

«ዶሮ።»

«የት?»

«ሠርጉ ላይ።»

ወረቀቱን አሳየችው። የመጽሐፌ ሙሽራ ቀለበት ልታጠልቅ እጇን ስትዘረጋ፣ በሚቀጥለው ገጽ የጫጩቶች ክትባት ይጀምራል። ሌላ ደንበኛ ያሳተመው የዶሮ እርባታ መመሪያ አንድ ገጽ ሠርጌን ሰብሮ ገብቷል።

«እኔ ብሆን እተወው ነበር» አለ ጋሼ። «ይሻለዋል።»

እሷ ሳቀች። ሳቁ መሃሉ ላይ ተሰብሮ ለቅሶ ሆነ፤ እንደገና ሳቅ ሆነ። የወረቀቱ ክምር ላይ ተቀመጠች። ጋሼ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ሲጠሩኝ አሁን መጀመሪያ ቁልፍ ነው የምጫነው» አላት። «ሚስቴ ጠርታኝ ቴሌቪዥን አጥፍቼባታለሁ።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ...»

«መከላከያውን የፈታሁት እኔ ነኝ፣ ትራፊክ። ስትመጪ ነበር የምነግርሽ፤ አንቺ ግን ፎቅ ተሸሽገሽ ቀረሽ።»

የእሱን ያልተጎዳ እጅ በሁለት እጇ ያዘችና ቆየች። ከዚያ ተነስታ ፊቷን ታጥባ፣ ቦርሳዋን ይዛ በፊት ለፊት በር ወጣች፤ የሠራተኞቹ ሰርቪስ ሞተር አስነስቶ ይጠብቃል።

ያን ቀን የተቀያየሩት ሁለት ገጾች የእኔ መጽሐፍ ገጾች ነበሩ። ይህን እሷም ጋሼም አንድም ቀን አንስተውብኝ አያውቁም። የትም ቦታ ብሆን ማሽን ፍጥነቱን ሲቀንስ ከሰማሁ ያ የተተኮሰ ጨርቅ ይመጣል። የሐኪሟ ክፍል ቁጥሩ ስንት ነው፣ ምንም ያልተቆረጠበትንና ምንም ያልጮኸን፣ በር ላይ ቆሞ ያየን ሰውስ ትቀበላለች ወይ ብዬ ልጠይቃት ተከትዬ ወጣሁ። በሩ ጋ ስደርስ ሰርቪሱ ተነስቷል። በመስኮቱ በኩል አየኋት፤ ከፊቷ የተቀመጠውን ሰው ጋዜጣ በትከሻው ላይ አጮልቃ እያነበበች ነው። ሰርቪሱ ታጠፈ።