ሁለት አፍ ያለው ምድጃ

በፎገራ ሜዳ ክረምት ከላይ ብቻ አይመጣም፤ ከመሬትም ይወጣል። ያን ዓመት ርብ ሞልቶ ማሳውን አልፎ ደጃችን ደረሰ። ሚስቴ በጋውን ሙሉ ስትጠፈጥፈው የከረመችው ኩበት ከነክምሩ ራሰ። እንጨት እንደሆነ በእኛ ሜዳ ዱሮም የለ፤ እርፍ እንኳ የምንገዛው ከደጋ ነው። እሳት አጣን። ሚስቴ ደግሞ በዚያው ሰሞን ሴት ልጅ ተገላገለች።

ከዚህች ልጅ በፊት ወንድ ወልደን ነበር። ክርስትና ሳይነሣ ሞተ። አማቴ ብርድ ነው የገደለው ይላሉ። ምን እንደገደለው እኔ አላውቅም፤ የሚያውቅም አላገኘሁ። እሳቸው ግን ልጃቸውን ሊያርሱ ሲመጡ ያንኑ በልባቸው ይዘው ነው የመጡት።

ወረታ ላይ ጨርቅና ጨው የሚነግድ እስላም ወዳጅ ነበረኝ። መንገድ ሠሪዎች ከሰፈሩበት ሲነሡ የተውለትን የብረት ማሞቂያ ከሱቁ ጀርባ አስቀምጦ ነበር። መካኒካቸው በገዛ እጁ የበየደው ነው። ሁለት አፍ አለው፤ ባንዱ የሲሊንደር ጋዝ ይነድዳል፣ በሌላው ላምባ። አራስ ቤቴ እሳት የለም ብዬ ብነግረው ውሰደውና ክረምቱን ተወጣበት አለኝ። በሲሊንደሩ ትንሽ ቀርቶበታል፣ ሲያልቅ ወደ ላምባው ታዞረዋለህ አለ። ሁለቱን አፍ ባንድ ጊዜ እንዳላበራ፣ ሳይበርድ ላምባ እንዳልጨምርበት፣ ቤንዚን የነካው ነገር እንዳላስጠጋው አስጠነቀቀኝ። ሸኝቶኝ ሲመለስ ክንዴን ያዘና፣

«በሩን እንዳትዘጋበት» አለኝ። «ይህ እንደ ኩበት አይጨስም። ስለማይጨስም ክፋቱ አይታይህም። ቤቱን ከዘጋህ አየሩን ይጨርስና ወደ እናንተ ይዞራል።»

በአህያ ጭኜ ውኃ ለውኃ ጎተትሁት።

ሲሊንደሩ ሳለ ደኅና ነበር። ቤቱ ደረቀ፣ የሚስቴም ፊት ተመለሰ። መጀመሪያ የሰይጣን ዕቃ ነው ብለው ያማተቡት አማቴ፣ ውለው አድረው በርጩማቸውን ከአጠገቡ አኖሩ። ሲሊንደሩ ሲያልቅ ጣጣው መጣ። የሚሞላው ባሕር ዳር ነው፤ መንገዱም በውኃ ተቆርጧል። ላምባ የሚያድለው የገበሬ ማኅበሩ ነው፤ ለዚያውም መሠረተ ትምህርት ለሚማር ብቻ ተብሏል። እኔ ደግሞ ጎልማሳ ሰው ከልጆች መሐል ሀ ሁ አልልም ብዬ ሊቀመንበሩን ፊት ለፊት እምቢ ያልሁ ነኝ።

ጎረቤቴ አዘነልኝና ሐሙሲት ላይ ከመኪና ሹፌር የገዛውን ላምባ በጀሪካን ይዞልኝ መጣ። ክዳኑን ከፍቼ አሸተትሁት። አፍንጫ ይወጋል፤ ቤንዚን ተቀላቅሎበታል። መልሼ ሰጠሁት።

«ለእሳትም ዘር ይቆጠርለት ጀመር?» አሉ አማቴ ከመደቡ ላይ ሆነው።

ከዚያ ወዲያ ምርጫ አልነበረኝም፤ ሄጄ ተመዘገብሁ። ጺም ያላበቀለ አስተማሪ ፊት ቁጢጥ ብዬ ፊደል ቆጠርሁ። ይችን የምሞነጫጭርባትን ጽሕፈት የለቀምሁት ለላምባ ብዬ ነው። ማኅበሩም በጠርሙስ እየለካ ሰጠኝ።

ላምባው እንደ ሲሊንደሩ ቶሎ ቤት አያሞቅም። አማቴ ብርዱ የሚገባው በስንጥቁ ነው አሉ። አንድ ቀን እኔ ትምህርት ላይ ሳለሁ እበትና ጭቃ አቡክተው ግድግዳውን እንደ ጎታ ለቀለቁት። ከበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በጆንያ ጠቀጠቁት። በአገራችን አራስ ቤት እንዲህ ነው የሚያዝ፤ ባለጌ ነገር ሠሩ አልልም። ኩበት የነደደ ቢሆን ጢሱ ራሱ በሩን ያስከፍታቸው ነበር።

ስመለስ ቀኑ ገና ነው። በሩ ጠበቀብኝ፤ በትከሻዬ ገፍቼ ገባሁ። ነበልባሉ ቀልቷል። ሚስቴ ራሷን ይዛ ከመደቡ ጠርዝ ላይ ታስመልሳለች። ልጅቱ ዓይኗን ጨፍናለች፤ ብነካካትም አታለቅስም። አማቴ ራሳቸውን በሻሽ አሥረው ግድግዳ ተደግፈዋል። ሁለቱንም ምች መታቸው አሉኝ፤ ለነፍስ አባታችንም በጎረቤት ልኬያለሁ አሉኝ። በሩን በረገድሁት። እየተንገዳገዱ መጥተው ዘጉት። ከፈትሁ፤ ዘጉ።

«አንዱን ቀብሬያለሁ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ይችን ለነፋስ አልሰጥም።»

«ነፋስ አይደለም እማማ። እርስዎንስ ምን አንገዳገደዎ?»

ከበሩ አልተነሡም። ምድጃውን አጠፋሁ። ልጅቱን በጋቢዬ ጠቅልዬ፣ ሚስቴን በክንዴ ደግፌ ከበሩ ስደርስ እንደ ቆሙ ናቸው። አማት መግፋት ነውር ነው። ገፋሁ።

ከጣራው ጠፈጠፍ ሥር ተቀመጥን። ያካፋል። ሚስቴ ትከሻዬን ተንተራሰች። የልጅቱን ፊት ገልጬ ብዙ ቆየሁ፤ በኋላ ከንፈሯን አንቀሳቀሰችና አለቀሰች። አማቴም ያን ሰምተው እዚያው የበሩ ደፍ ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ።

የነፍስ አባታችን ልብሳቸውን ሰብስበው በውኃው መሐል መጡ። አራስ በዝናብ ደጅ ሲያዩ ደነገጡ። አማቴ ከሰሱኝ፤ የምድጃውንም ነገር እኔ ተናገርሁ። ቄሱ ጎንበስ ብለው ገቡ፤ ብዙም ሳይቆዩ የላምባው ሽታ ያስነባውን ዓይናቸውን እየጠረጉ ወጡ።

«እሜቴ፣ በዚህ ቤት ውስጥ እኔም ዳዊት አልደግም» አሏቸው። «ጸበሉን የምረጨው በሩ ክፍት ከሆነ ነው።»

አማቴ በቄስ ቃል ላይ ቃል አይጨምሩም። ብቻ፣ በሩ ይከፈት ካላችሁ ይከፈት፣ ነፋሱን ግን ሰው ይያዝልኝ አሉ። ማን እንደሚይዘው መጠየቅ አላስፈለገም፤ የሚያዩት እኔን ነው።

እንግዲህ ልጅቱ ክርስትና እስክትነሣ ምድጃው በነደደ ቁጥር ደፉ ላይ ተቀመጥሁ። ስንተኛና እኔ ትምህርት ስሄድ ይጠፋል፤ ስመለስ ይነድዳል፣ እኔም እቀመጣለሁ። ጀርባዬን ዝናብ ይመታዋል፣ ጉልበቴን ላምባው ይለበልበዋል፣ አየሩ ከራሴ በላይ ያልፋል። ወገቤ የተያዘው ያን ጊዜ ነው፤ እስከ ዛሬም አልለቀቀኝ። ደከመኝ ብል የሚሰማኝ የለም፤ አማቴ አያናግሩኝም፣ ሚስቴም በእኔና በእናቷ መሐል ሆና ታጠባለች።

አንድ ቀን ልጅቱ አነጠሰች። አማቴ ቀና ብለው በእኔና በመቃኑ መሐል ያለውን ክፍተት አዩ።

«ጠጋ በል» አሉኝ። «በግራህ ያስገባል።»

ጠጋ አልሁ።