ስንዱ እልል ያለችባት ቅዳሜ

ባለፈው ወር ልጄ ልደቴን ምክንያት አድርጋ፣ ከአሌክሳንድሪያ ወንዙን ተሻግሮ ባለው ካዚኖ ውስጥ ምሳ ጋበዘችኝ። ምግብ ቤቱ ከላይ ነው፤ እዚያ ለመድረስ ግን በቁማር ማሽኖቹ መሀል ማለፍ ግድ ነው። ባለቤቶቹ ሞኞች አይደሉም፤ የሚበላ ሰው ኪስ እንዳለው ያውቃሉ። ስናልፍ አንዱ ማሽን ሲያንቃጭል ባለሁበት ቆምኩ።

"ማሚ፣ አር ዩ ኦኬ?" አለችኝ ልጄ። ደህና ነኝ አልኳት። አልነበርኩም።

እንደ ፈረንጆቹ በሰማንያዎቹ መጀመሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከስንዱ ጋር አንድ አፓርትመንት ተጋርተን እንኖር ነበር። እሷ ሆቴል አልጋ ታነጥፋለች፣ እኔ አዛውንቶች መጦሪያ እሠራለሁ። ስንዱ "እማዬ ትሙት" ሳትል ወሬ አትጨርስም፤ ማጋነን እንዳይመስላችሁ፣ አውቶቡስ ዘገየ ለማለት እንኳ በእናቷ ትምላለች። እኔም "እስቲ አንድ ቀን አሳርፊያቸው" እያልኩ እቀልድባት ነበር።

አንድ የጥቅምት ዓርብ፣ እሷ ሥራ ላይ ሳለች ወንድሟ ከአዲስ አበባ ደወለ። እናታቸው ማረፋቸውን ነገረኝና "አደራ፣ ብቻዋን እንዳትሰማ" ብሎ አለቀሰ። እኔም ምክር ፍለጋ፣ ሁላችንም እንደ አባት ለምናያቸው ለጋሽ ተሰማ ደወልኩ።

"መርዶ ወግ አለው" አሉኝ። "ነገ ሰው ሁሉ ሥራ ነው፣ ዳብል፣ ሁለት ፈረቃ የሚሠራውም ብዙ ነው። እሁድ ማለዳ ተሰብስበን መጥተን እንነግራታለን። አንቺ ነገን ከስልክ አርቂያት።"

"የት ልውሰዳት ጋሽ ተሰማ?"

"የትም።"

የትም ማለት ሰፊ ነው። ቤተ ክርስቲያን ልወስዳት እችል ነበር፣ ዘመድ ጥየቃ ልወስዳት እችል ነበር። እኔ የመረጥኩት አትላንቲክ ሲቲን ነው። ከሐምሌ ጀምሮ እንሂድ እያለች ስትወተውተኝ የከረመችበት የቁማር ከተማ ነውና፣ ከለቅሶው በፊት አንድ ቀን ደስ ይበላት አልኩ። የሃያ አራት ዓመት ልጅ ብልሃት ይኸው ነው።

በማለዳ ካዚኖው ቁማርተኛ በሚያመላልስበት አውቶቡስ ሄድን። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ዛፉ ሁሉ ቀልቶ፣ ስንዱ መስኮቱን አልለቅ አለች። ስንደርስ ለየተሳፋሪው ጥቅልል የኳርተር ሳንቲምና የቡፌ ኩፖን ሰጡን። እንደዚያ ያለ ቡፌ አይተን አናውቅም፤ ጥብሱ በቢላ እየተቆረጠ ይሰጣል፣ ኬኩ እንደ ሰርግ ቤት ተደርድሯል። ሽሪምፕ የሚሉትን የባሕር ምግብ አይታ "ይሄ ትል በነፃም አይበላም" አለችና ሳህኗን በጥብስ ሞላች። ከዚያ ከቦርሳዋ የካሜራ ፊልም ቆርቆሮ አወጣች፤ ውስጡ ሚጥሚጣ ነው። ጥብሱን ነስንሳበት ወደ አፌ ዘረጋችልኝ።

"ጠግቤያለሁ" አልኳት።

"እማዬ ትሙት፣ ይቺን ብቻ።"

ጎረስኩ። ምን ላድርግ? ያ ጉርሻ እስከ ዛሬ ያልወረደልኝ ይመስለኛል።

ከምሳ በኋላ ማሽን ፊት ተቀመጠች። ብዙም ሳትቆይ መብራቱ ዞረ፣ ደወሉ ጮኸ፣ ሳንቲሙ እየተንኳኳ ፈሰሰ። ስንዱ ብድግ ብላ እልልታዋን ለቀቀችው። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አያት፤ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ አጨበጨበችላት። አንገቴን አቅፋ "እማዬን አምጥቼ ዓይኗን አሳክማታለሁ፣ ይሄ ጅማሬው ነው" አለችኝ። እኔም ሳቅኩላት። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ትከሻዬ ላይ ተኝታ፣ የጭንቅላቷ ክብደት አላስተነፍስ ብሎኝ መጣሁ።

እሁድ በር ሲንኳኳ የከፈተችው እሷ ናት። ከጋሽ ተሰማ ኋላ ጥቁር የለበሱትን ሴቶች ስታይ፣ ሳይነግሯት ወደቀች። ተረባርበው ያዟት። ወጉ ለዚህ ነው፤ በዚህ ዛሬም አልከራከርም።

ሠልስቱ ወጥቶ ለቀስተኛው ሲሳሳ ወጥ ቤት ድረስ መጣች።

"አንቺ መቼ ነው የሰማሽው?"

"ዓርብ።"

"እልል ስል አጠገቤ ነበርሽ።"

"ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው ስንዱዬ።"

"እናቴ ሞታ አስጨፈርሽኝ።"

በወሩ ልብሷን ሰብስባ ሌላ ከተማ፣ ስፕሪንግፊልድ ገባች። ይቅርታ ለመጠየቅ ብደውል ስልኩን ትዘጋዋለች፤ ሽማግሌ ብልክ "ቂም የለኝም፣ ፊቷን ማየት ግን አልችልም" ብላ መለሰቻቸው።

ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ዓርብ፣ መጦሪያው ውስጥ ምሳ በማድልበት ሰዓት ለስልክ ተጠራሁ። ድምፅዋን ወዲያው ለየሁት።

"አባትሽ ዛሬ ዐረፉ" አለችኝ። "እኔ አሁን መስማቴ ነው። እነ ጋሽ ተሰማ እሁድ ሊነግሩሽ ነው የተስማሙት።" ከዚያ "እግዜር ያጥናሽ" አለችና ዘጋች።

እዚያው ሲሚንቶው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ደግፎ የያዘኝ አልነበረም። ሰዉ ሁሉ ተበቀለችሽ አለኝ። ቂም ይሁን ውለታ እኔም ለይቼ አላውቅም። ያን ዓርብ ግን ማንም ሳያስቀኝ፣ አባቴን በሞተበት ቀን አለቀስኩት። ስንዱን ይህንን ነው የነሳኋት።

ምግቡ ሳይመጣ ይህን ሁሉ ለልጄ ነገርኳት። ዓይኗ እንባ ሞልቶ "ሶ አንቺ ሰው ቢሞትብሽ፣ ወዲያው እንድነግርሽ ነው የምትፈልጊው?" አለችኝ።

"ወዲያው" አልኳት። "እየሳቅኩ ብታገኚኝም አስቁሚኝ።"