«ዛሬውኑ ሂድ» ያልኩበት እሑድ

ከቆቦ ከተማ ወጣ ብላ ባለች ደብር፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የምሰብከው እኔ ነኝ። በሥራ ቀናት ሒሳብ አስተምራለሁ። ስብከትንም እንደ ሒሳብ መያዜ ነው ጣጣ ያመጣብኝ፤ መጨረሻው ላይ መልስ ካልተጻፈ ያልተሠራ ይመስለኛል።

ዳዊት ያስደገሙኝ የኔታ እንዲህ አልነበሩም። የዕለቱን ወንጌል ያነቡና «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው» እያሉ ፍቺውን ይደረድሩታል። የትኛው ለማን እንደሆነ ሳይናገሩ ይቀመጣሉ። ሲያስተምሩ የሰው ፊት አያዩም፤ ዓይናቸው ከበሩ ዓምድ ላይ ነው። እኔ ይህን የእርጅና ድካም አድርጌ እቆጥረው ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ወልድያ ሄጄ የሰባኪዎች ሥልጠና ስወስድ ሌላ ነገር ተማርኩ። ስብከት ሰሚው ቤቱ ሲገባ የሚያደርገውን አንድ ነገር ይዞ እንዲሄድ ማድረግ አለበት ተባልኩ። ምክሩ ክፉ አይደለም፤ እኔ ግን አበዛሁት። ከዚያ ወዲህ ስብከቴን ሁሉ የምዘጋው በትእዛዝ ሆነ፦ ሂድ፣ መልስ፣ ታረቅ፣ ዛሬውኑ። ምእመኑም ወደደልኝ። ከጎብዬ ድረስ በባጃጅ እየመጡ የሚሰሙኝ ነበሩ። ለዚያ የተገዛው ትልቅ ድምፅ ማጉያ ከግቢው አልፎ በሰፈሩ ሁሉ ይሰማል።

ያለፈው ክረምት የኛው ምእመን የሆነ አንድ ጎልማሳ ከጎረቤቱ ጋር በጎርፍ ተጣላ። በኛ አገር ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ መዓት ብቻ አይደለም፤ በአፈር ክትር ጠልፈን በተራ ወደየማሳችን የምናስገባው ሲሳይ ነው። ጎልማሳው የጎረቤቱ ተራ ሳያልቅ ክትሩን አፈረሰው። ጎረቤቱ፣ በዕድሜ የሚበልጠው ሙስሊም ገበሬ፣ «ምን ማለትህ ነው?» ቢለው በዱላ መታውና ክንዱን ሰበረው።

እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ሥርዓት አለው። ከሁለቱም ሃይማኖት የተመረጡ ሽማግሌዎች ይያዙታል። እነሱ «ና» እስኪሉት ድረስ በዳይ የተበዳይን ደጅ አይረግጥም፤ መንገድ ላይ ቢገናኙ እንኳ ዞር ብሎ ያሳልፈዋል። ደንቡ የተበዳይ ንዴት በራሱ ጊዜ እንዲበርድ ነው። ሽማግሌዎቹ ከክረምት እስከ ታኅሣሥ ተመላልሰው ጉዳዩን ከጫፍ አድርሰውት ነበር። ተበዳዩ «አፉ ብያለሁ»፣ ማለትም ይቅር ብያለሁ ለማለት የቀረው ትንሽ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ሰምቼ ነበር፤ አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው።

በዚያ እሑድ ያ ጎልማሳ ከአዲሱ ማሽላው በጆንያ መባ ተሸክሞ መጣ። ሳየው የማስተምረውን ለወጥኩ። ያዘጋጀሁትን ትቼ፣ መባህን ስታቀርብ ወንድምህ ቅር እንደተሰኘብህ ብታስታውስ መባህን ትተህ አስቀድመህ ታረቅ የሚለውን ወንጌል አነሳሁ። የኔታ ቢሆኑ፣ መባው አንድም እህል ነው አንድም ልብ ነው፣ መሄዱም አንድም በእግር ነው አንድም ሽማግሌ በመላክ ነው ይሉ ነበር። እኔ ሌላውን በር ሁሉ ዘግቼ አንዱን ብቻ ከፈትኩ። ዓይኑን እያየሁ «ነገ አትበል! ሽማግሌ አትጠብቅ! ዛሬውኑ ሂድ!» አልኩ።

ሰውየው አለቀሰ። ጆንያውን ዐውደ ምሕረቱ ጥግ አስቀምጦ ወጣ። እኔም በድምፅ ማጉያው «እልል በሉ!» አልኩ። እልልታው ቀለጠ። በዚያች ቅጽበት ልቤ ውስጥ የነበረውን ልናገር፦ ደስ ያለኝ ለሁለቱ ሰዎች አልነበረም። «በእሱ ስብከት ደመኞች ታረቁ» ሲባል እየሰማሁ ነበር።

ምሳ ሳልበላ ወሬው ደረሰኝ። በሩ ተዘግቶበታል። የተበዳዩ ወንድሞች ዱላ ይዘው ወጥተው፣ ጎረቤት መሐል ባይገባ ኖሮ ሌላ ነገር ይፈጠር ነበር። ሽማግሌዎቹም ቃላቸው ስለተጣሰ ተነሥተው «እንግዲህ እጃችን የለበትም» ብለዋል። ጎልማሳው መባውን ሊወስድም ሊያስገባም አልተመለሰም። ወደ ቤቱ ሲሄድ «በወንጌል ሄጄ እንደ ሌባ ተባረርኩ» አለ አሉ።

እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስወጣ ላስረዳ ብዬ ተበዳዩ ደጅ ሄድኩ። ብቻዬን፣ ሳልጠራ፣ ሽማግሌ ሳልይዝ። ጥፋቴን ላርም ብዬ ያንኑ ጥፋት ደገምኩት።

ሰውየው ገና ያልሻረ ክንዱን ታቅፎ ደጁ ላይ ተቀምጦ ነበር። ግባ አላለኝም።

«አያ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

«እሱንማ ሰምቻለሁ» አለኝ ሳይቆጣ። «ድምፅ ማጉያችሁ እዚህ ድረስ ይመጣል። እልልታውንም ሰምቻለሁ። መምህር፣ አንተ እኔን ምን እንዳደረግኸኝ ታውቃለህ? እምቢ ብል አገር ሁሉ ክፉ ሊለኝ ነው። እሺ ብል የተሰበረው ክንዴ የእናንተ እሑድ ማድመቂያ ሊሆን ነው።»

«አያ፣ እሱ ከልቡ ነው የመጣው።»

«ወላሂ እሱ አልመጣም። ደጄ የመጣው ያንተ ድምፅ ነው። እሱ የራሱን ቃል ይዞ ሲመጣ ያን ጊዜ እናያለን። አሁን ሂድልኝ፣ ልጆቼ ሳይመጡ።»

ተመልሼ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄድኩና እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አንደኛው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብለው ሳቁብኝ። ሳቃቸው ከስድብ ይበልጥ አሳፈረኝ። ብዙ ለመንኳቸው። በመጨረሻ «እንደ አዲስ እንጀምረዋለን፤ አንተ ግን በዚህ ነገር አፍህን አታስገባ» አሉኝ።

ያ ጆንያ ግን ዐውደ ምሕረቱ ጥግ ቀረ። ቄሶቹ «ባለቤቱ ሳይታረቅ አናነሣውም» አሉ። እሑድ እሑድ ስሰብክ ዓይኔ እየሄደ እዚያ ያርፋል። አንዱ ጎኑ ተቀዶ ዶሮዎች ይለቅሙት ጀመር። አሁን «ሂድ» ማለት አቃተኝ። እንደ የኔታ «አንድም፣ አንድም» እያልኩ አነባለሁ። ሰው «ምን ነካው፣ ቀዘቀዘ» ይለኛል። ለማን ምን ልበል?

ሽማግሌዎቹ የጨረሱት ከዐቢይ ጾም በፊት ነው። እርቁ ሲደረግ አልነበርኩም፤ አልጠሩኝም። ጎልማሳው ድንጋይ ተሸክሞ በራሱ አፍ «አፉ በለኝ» እንዳለ፣ ያኛውም ደህናውን እጁን ዘርግቶ ድንጋዩን እንዳወረደለት ሌሎች ነገሩኝ። የተከተለው እሑድ ጎልማሳው ማንንም ሳያናግር መጣና የተረፈውን ጆንያ ተሸክሞ አስገባ። እኔ ማይኩን ይዤ ቆሜ ነበር። ፊት ለፊቴ አለፈ፤ ቀና ብሎ አላየኝም።

የዚያኑ ቀን ከሽማግሌዎቹ ትልቁን አገኘኋቸውና «አባቴ፣ እኔንስ ከሱ ጋር አታስታርቁኝም?» አልኳቸው።

«እናየዋለን» አሉ። «ግን ደጁን እንዳትረግጥ። ና እስክንልህ ጠብቅ።»

ጾሙ ወጥቷል፤ እስካሁን ና አላሉኝም። ባለፈው የገበያ ቀን ቆቦ ላይ ግመል ጎታቾችን ሳሳልፍ ጎልማሳው ከሩቅ ሲመጣ አየሁት። ስሙን ልጠራ አፌን ከፍቼ ነበር። ከመንገዱ ወረድኩና ጉድባው ዳር ቆምኩለት። እሱም አለፈ።