ጌታሁን ለቅሶ ቤት የተናገረ ዕለት

የጉዞ ትእዛዝ የደረሰን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። ስንቅና ጥይት ተከፋፍለን፣ ኮዳችንን ሞልተን፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ተነሳን። የምንሄድበት ኮረብታ ስም አልነበረውም፤ ካርታው ላይ ቁጥር ብቻ ተጽፎበታል። እኔ ያደግሁት አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ነው። እንደዚያ ዛፍ የሌለበት መሬት ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

ሌሊቱን ተጉዘን፣ ሊነጋጋ ሲል፣ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ማጥቃት ጀመርን። ሁለት ጊዜ ወጣን፣ ሁለት ጊዜ ተመለስን። በሦስተኛው ያዝነው። መቶ በምንለው የጦር ክፍላችን ውስጥ መትረየስ የያዘው ጌታሁን ነበር፤ ከገረሴ የመጣ የገበሬ ልጅ፣ ንግግሩ ቁጥብ። የጠላት ሞርታር ሲበረታ መትረየሱን ለረዳቱ አስረክቦ ወደ ቁልቁለቱ ወረደ። ቁስለኛ እየጎተተ ማውጣት ጀመረ። ሦስቱን በሕይወት አወጣ፤ ከእነሱ አንዱ የሰፈሬ የሴቻ ልጅ ሳሙኤል ነው። አራተኛው እቅፉ ውስጥ ሞተ። የአክስቱ ልጅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለቀናት ተኩስ አልነበረም። ጌታሁን ዕቃውን ማደል ጀመረ። ጋቢውን ለአንዱ ሰጠ። ለእኔ ሰዓቱን ሰጠኝ።

«ምነው?» አልኩት።

«አያስፈልገኝም።»

አመስግኜ አሰርኩት። ደግነት መስሎኝ ነበር።

የመቶአችን የሕክምና ባለሙያ ሃምሳ አለቃ መሠረት ሰዓቱን እጄ ላይ አየችና የማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ። እኩለ ቀን ላይ ምሽጉ ድረስ ሄዳ አጠገቡ ቁጭ አለች። እኔ ሁለት እርምጃ ርቄ ነበርኩ።

«ጌታሁን፣ ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» አለችው።

ደነገጥኩ። ሰውን እንዲህ ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን ጭንቅላቱ ውስጥ መክተት ነው ብለን ነበር የምናምነው።

«አዎ» አለ ጌታሁን። አለቀሰ። የአክስቱ ልጅ ሲሞት እንኳ አላለቀሰም ነበር።

አልተቆጣችውም፤ አልመከረችውም። «እንኳን ነገርከኝ። ከአሁን በኋላ ብቻህን አትሆንም» አለችው። መሣሪያውን እንድቀበለው አዘዘችኝ። ወደ ደጀን የሚወስደው መኪና እስኪመጣ ድረስ ተራ ገብተን አብረነው ተቀመጥን። ሰዓቱን መለስኩለት።

ከመሃላችን አንዱ «ሞርታር ያልፈራ ሰው እንዴት ኑሮ ይፈራል?» ብሎ ነበር።

«ፈርቶ አይደለም፤ ታሞ ነው» አለች መሠረት። «እግሩን ቢመታ ኖሮ ፈሪ ትለው ነበር?»



ጦርነቱ አልቆ ተመለስን። ጌታሁን ታክሞ ገረሴ እርሻው ላይ ነበር። መሠረት ከሠራዊቱ ተሰናብታ አርባ ምንጭ ጤና ጣቢያ ተቀጠረች። ሳሙኤል ሴቻ አንድ ቢሮ ውስጥ ሥራ ያዘ፤ ማርታን አገባ። ሁላችንም የዳንን መሰለን።

አንድ ቀን ጠዋት ከሳሙኤል ጋር ወደ ታችኛው የከተማችን ክፍል፣ ወደ ሲቀላ በሚወርደው ሚኒባስ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከስቷል። እንቅልፍ እንቢ ካለው ወራት እንደሆነው ነገረኝ። ቀጥሎ «ለሰው ሁሉ ሸክም ሆኛለሁ» አለኝ።

«ጸልይ፣ ያልፋል» አልኩት። ከዚያ ስለ ኳስ አወራሁ። ጥያቄውን አውቀው ነበር፤ መሠረት ስትጠይቅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። መልሱን ፈርቼ ዝም አልኩ። በሁለተኛው ሳምንት ሳሙኤል ራሱን እንዳጠፋ ተነገረኝ።

ለቅሶው ላይ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያወራው። «እምነቱ ቢጸና ኖሮ» ይላል አንዱ። «ወታደር ሆኖ!» ይላል ሌላው። የእድሩ ሰዎች መጥተው ጥቂት ይቀመጡና ቶሎ ይነሳሉ። ማርታ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ቀና አትልም።

በሦስተኛው ቀን፣ አስር ሰዓት ገደማ፣ ጌታሁን ከገረሴ ወርዶ ደረሰ። ማርታ ፊት ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር ጠየቃት፤ እሺ ብላ አንገቷን ነቀነቀችለት። ከዚያ ድንኳኑ መሃል ቆመ። አማርኛው ጋሞኛ ጋሞኛ ይላል፤ ብዙ ሰው ፊት ሲናገር አይቼው አላውቅም።

«እኔ ጌታሁን ነኝ። ሳሙኤልን ከዚያ ቁልቁለት ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሰው ጀግና ይለኛል። በዚያው ሰሞን ግን ራሴን ላጠፋ ነበር።»

ወደ እድሩ ሰዎች ዞሮ ቀጠለ።

«ጸሎት ትቼ አልነበረም፤ በየቀኑ እጸልይ ነበር። ሥቃዩ እንዲያበቃልኝ ነው የፈለግሁት። አንዲት ሴት ጠየቀችኝ። ስትጠይቀኝ አልባሰብኝም፤ ቀለለኝ። ታከምኩ። አሁን ሚስት አለኝ፣ ልጅ አለኝ፣ እንሰትና ገብስ አለኝ። ዛሬም አንዳንድ ቀን ይከብደኛል፤ ሲከብደኝ እናገራለሁ። እዚህ ውስጥም እንደ እኔ የከበደው ሰው ይኖራል። እባካችሁ ጠይቁት።»

ተቀመጠ።

የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ዳንኤል ቀስ ብለው ተነሱ። «ልጄ፣ አፋችንን የዘጋነው ለቤተሰቡ ክብር መስሎን ነው» አሉት። ከዚያ ሄደው ማርታ ጎን ተቀመጡ። በዚያ ምሽት ቀድሞ የተነሳ ሰው አልነበረም።

ለቅሶው ላይ መሠረትም ነበረች፤ ስንወጣ ከጤና ጣቢያው የምታውቃት አንዲት ጎልማሳ ሴት ክንዷን ያዘች። «ባለቤቴም መኖር ሰለቸኝ ይላል። ምን ልበለው?»

«ፊት ለፊት ጠይቂው፣ እስኪጨርስ አዳምጪው» አለቻት። «ብቻውን አትተዪው። ነገ ጠዋት ይዘሽው ጤና ጣቢያ ነይ፤ እኔ አለሁ።»

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ላይ ባልና ሚስቱ ጤና ጣቢያው በር ላይ ነበሩ። ሰውየው ዛሬ በሕይወት አለ፤ ሲቀላ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን።

በግንባር ብዙ ጀግና አይቻለሁ። የማንንም አላሳንስም። ሰው በፍርድ ዓይን በሚያይበት ድንኳን ውስጥ «እኔም እንዲሁ ነበርኩ» ብሎ መቆም ግን እኔ አልችለውም ነበር። አሁን ፊቱ የጠቆረ ሰው ሳይ እጠይቃለሁ። ሁሌ በትክክል አልጠይቅም፤ እጠይቃለሁ ግን።

ከእኛ መቶ የቀረነው በዓመት አንዴ አርባ ምንጭ እንሰበሰባለን። የሞቱብንን ስም ጌታሁን ያነባል። ድሮ ዘጠኝ ነበሩ። አሁን አስር ናቸው። ሳሙኤል ጋ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አያደርግም፤ ከነማዕረጉ ይጠራዋል፤ እኛም እንደ ሌሎቹ ሁሉ ቆመን እንሰማለን።